ቸሩ ካሜራ

«እንዳትነግሪያት። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ካሜራው የእሷን ሥራ ነው የሚፈትሸው። ካወቀች ትደነግጣለች።»

ይህን ያለው የእህቷ ባል ነው። የሰማችው ደግሞ እሷው ራሷ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፊቷን ሳሙና ለቅልቃ ቆማ። በመታጠቢያ ቤቱና በማብሰያው መካከል ያለው ግድግዳ እንደ ካርቶን የሳሳ ነው፤ ሦስት ሰዎች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ስምንት ዓመት ሲኖሩ ማን ስንት ጊዜ እንዳስነጠሰ ሁሉ የሚያውቁት በእሱ ምክንያት ነው። ሳሙናው ዓይኗ ውስጥ ገባና አቃጠላት። ውሃ ግን አልከፈተችም፤ የቧንቧው ድምፅ ቀሪውን ወሬ እንዳያስመልጣት ፈራች። ቀሪ ወሬ አልነበረም። ታናሽ እህቷ «እሺ» አለች፣ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ተሽከረከረ፣ በቃ። «እሺ» ብቻ! እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ፀጉሯን አበጥራ፣ ደብተሯን ሸፍና፣ ትምህርት ቤት በር ድረስ ሸኝታ ያሳደገቻት ልጅ ነገሩን በአንዲት «እሺ» ዘጋችው።

የፋብሪካው ሰው ሁሉ «ዳኛዋ» ነው የሚላት። የወለልና የግድግዳ ሴራሚክ የሚሠራበት ፋብሪካ ነው። ከምድጃው የወጣው ሴራሚክ በሚንቀሳቀስ ቤልት ላይ ተሰልፎ ይመጣል፣ እሷ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ አንደኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ ስብርባሪ እያለች ትፈርዳለች። አስራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ፈርዳለች፤ ይግባኝ ያለባት የለም። ነገር ግን ዳኛዋ ከሰው የደበቀችው አንድ ጉዳይ ነበራት። ዓይኗ ከደከመ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ቅርቡም ሩቁም ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ነገር ይደበዝዝባታል። ታዲያ በምን ትፈርዳለች? በጣቷና በጆሮዋ። ጠርዙን በአውራ ጣቷ ትዳብሳለች፣ ጀርባውን በጣቷ አንጓ ታንኳኳለች፤ ደህናው እንደ ብርጭቆ ይጮሃል፣ ውስጡ የተሰነጠቀው እንደ ባዶ ጣሳ ያጓራል። ቀለሙን ደግሞ በግምትና በፈጣሪ ርዳታ። መነጽር እንዳትገዛ የፋብሪካውን ወሬ ታውቃለች፦ መነጽር ያደረገ ጥራት ተቆጣጣሪ በማግስቱ መጥረጊያ ይዞ ግቢ ነው የሚወጣው።

ቁርስ ላይ ሦስቱም ተቀመጡ። ሻይ፣ ዳቦ፣ ማርማላታ። ዳቦው ካለፈው ሳምንት አንሷል፣ ዋጋው ካለፈው ሳምንት ጨምሯል፤ በሌላ ቀን ቢሆን ስለዚህ ብቻ ሩብ ሰዓት ይወራ ነበር። ዛሬ ግን ልብስ ሰፊዋ እህቷ ማርማላታውን ቤት እንደሚለስን ሰው ዳቦው ላይ ደጋግማ ትመርገዋለች፣ ባሏ ደግሞ ስልኩን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ እንደገና ይከፍታል። ዳኛዋ ሁለቱንም ትክ ብላ አየቻቸው፤ ማለትም ሁለት ደብዛዛ ነገሮች አየች።

«እትዬ፣ ሻይ ልጨምርልሽ?» አለች እህቷ።

«በቃኝ።»

«ደህና አደርሽ ግን?»

«ምን እሆናለሁ? እናንተስ ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን፣ ደህና ነን» አሉ ባልና ሚስት በአንድ አፍ፤ ደህና ያልሆነ ሰው ብቻ በሚቸኩለው ችኮላ።

የእህቷ ባል በዚያው ፋብሪካ ቴክኒሻን ነው፤ ጠዋት ጠዋት አብረው ነው አውቶቡስ የሚሳፈሩት። ባለፉት ሁለት ወራት እዚያ አውቶቡስ ውስጥ ከካሜራው ሌላ ወሬ አልነበረውም። አዲስ ልጅ የወለደ ሰው እንኳ እንዲህ አያወራም። ቤልቱ ላይ እንደ ሳጥን የተደፋ ነገር አለ፣ ውስጡ ነጭ መብራት ዙሪያውን በርቷል፣ መካከሉ ላይ ካሜራው ቁልቁል ያያል። እያንዳንዱ ሴራሚክ ሲያልፍ ፎቶ ይነሳል። ኮምፒውተሩ ያንን ፎቶ ከዚህ በፊት ካሳዩት የብዙ ሺህ ደህና ሴራሚክ ፎቶ ጋር ያስተያየዋል፣ ልዩነት ካገኘ የትኛው ጥግ ላይ ምን እንዳለ ለሮቦቱ ክንድ ይነግረዋል። ክንዱ በላስቲክ መምጠጫዎቹ ሴራሚኩን ብድግ አድርጎ ወደ ውድቅ ሳጥን ይወስደዋል። ይህ ሁሉ ዓይን ተርገብግቦ ሳይጨርስ! ሠራተኞቹ ክንዱን «ሙሽራው» ብለውታል፤ በነጭ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ መጣ፣ ሰው ሁሉ ሊያየው ወጣ፣ እስካሁን ግን ሥራ የሚባል ነገር አልነካም። ትናንት ማታ እራት ላይ ቴክኒሻኑ «የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ለየ እኮ!» እያለ ሲፎክር ነበር። ዛሬ አውቶቡሱ ውስጥ አንዲት ቃል አልወጣውም። እሷም አልጠየቀችው። ፌርማታ ሲደርሱ እንደ ሁልጊዜው «ቀስ በይ እትዬ፣ ደረጃ አለው» ብሎ ክንዷን ያዘ፤ እሷ ደግሞ እንደ ሁልጊዜው «አሮጊት አታርገኝ» ብላ ተመነጨቀች።

ወንበሯ ላይ ወጥታ የመጀመሪያውን ሴራሚክ ስታንኳኳ ንዴቷ ገና ትኩስ ነበር። ሳይነግሩ መፈተን! ተማሪ እንኳ ፈተና ሲኖርበት ይነገረዋል። ቆይ እሺ፣ አለች በሆዷ፤ ዳኛ የሚዳኝ ከመጣ እሱንም የሚዳኝ ይኑር። ከጎኗ ካለው የስብርባሪ ሳጥን ውስጥ እጇን ሰዳ ጥጉ የተሸረፈ ሴራሚክ መረጠች። ሽርፉ የባቄላ ክክ ያክላል፤ እሷ በጭጋጓ ውስጥ ሆና እንኳ አየችው። ጀርባው ላይ በእርሳስ ኤክስ አሰመረችና አንደኛ ደረጃ ካለፉት መካከል ሻጥ አደረገችው።

ማዶ የተቀመጠች ባልደረባዋ አየቻት። ይህች ሴትዮ ዝናብ ቢጥልም ደሞዝ ቢገባም «ጉዴ ፈላ» ስለምትል ስሟ ራሱ ጉዴ ፈላ ሆኖ ቀርቷል።

«ጉዴ ፈላ! አንቺ፣ ምን እያረግሽ ነው?»

«ወጥመድ እያጠመድኩ።»

«ለማን?»

«ለሙሽራው።»

አራት ሰዓት ሲሆን ሥራ አስኪያጁ መጣ። ቤልቱ እንዳይዝበት ክራባቱን ሸሚዙ ውስጥ ወትፏል። ወጣት ነው፤ ነገር ሳያበዛ የሚናገር፣ እጅ ሲጨብጥ ሰዓቱን የሚያይ። ጠዋት ዳኛዋ አንደኛ ደረጃ ያለቻቸው ሦስት መቶ ሴራሚኮች በካሜራው ሥር እንደሚያልፉ ለሁሉም ተናገረ። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። እሷ እጇን አጣጥፋ ቆመች። ቴክኒሻኑ ኮምፒውተሩ ላይ አጎነበሰ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው መብራት በራ፣ ሴራሚኮቹ እንደ ተማሪ ሰልፍ አንድ በአንድ ገቡ፣ ወጡ። አስር አለፈ። ሃምሳ አለፈ። ሙሽራው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። መቶ፣ ሁለት መቶ። መጨረሻው ሲደርስ ክንዱ አንድም ጊዜ አልተነቃነቀም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የውድቅ ቁጥር ዜሮ ነበር። ከኋላ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሁሉም ተቀበለው፤ ጉዴ ፈላ እልል አለች።

«እንግዲህ» አለ ሥራ አስኪያጁ እየሳቀ፣ «ይህን ሁሉ ብር አፍስሰን ያስመጣነው ማሽን እርስዎን ብቻ ነው የሚያክለው ማለት ነው።»

እሷ ወደ ተደረደረው ሴራሚክ ሄዳ ጥጎቹን በአውራ ጣቷ ቁልቁል ዳበሰች። ከመካከል በታች ጣቷ ጎድጓዳ ውስጥ ገባ። መዝዛ ገለበጠችው። ኤክስ አለው። ማለፍ የማይገባው አልፏል።

መጀመሪያ የመጣባት ደስታ ነው፤ አልዋሽም። ማሽኑ ዕውር ነው! ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ ያሳጣት ነገር የባቄላ ክክ የምታክል ሽርፍ እንኳ አያይም! ይህን አንስታ ከፍ አድርጋ ለሥራ አስኪያጁ ብታሳየው ካሜራው ነገ ተጠቅልሎ ወደ መጣበት ይመለሳል፣ እሷም ወንበሯ ላይ ጡረታዋን ትጠብቃለች። እጇ ሊነሳ ነበር። ግን ሒሳቡ አልመጣላትም። እሷ ከማንም በላይ የራሷን ዓይን ታውቃለች፤ ከሦስት መቶ አንድም አለመሳሳት አትችልም። ትናንት የመርፌ ጫፍ ያየ ካሜራ ደግሞ ዛሬ ባቄላ አይስትም። የሆነ ሰው ዓይኑን በእጁ ሸፍኖታል። ቴክኒሻኑን ፈለገችው። ፊቱን መለየት አልቻለችም፤ ኮምፒውተሩ አጠገብ ቆሞ አንገቱን በመሃረብ የሚጠርገው ቅርጽ ግን እሱ ነው። ይጠርጋል፣ ይጠርጋል፣ የማይደርቅ አንገት። ሴራሚኩን ጋዋኗ ውስጥ ደበቀችው።

ምሳ ሰዓት ላይ ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ባዶ የእንጨት መጫኛ ፓሌቶች በተቆለሉበት ጥላ ሥር አገኘችው። ዳቦውን ፈቶ አልነካውም። ሴራሚኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይችን እያት።»

አገላበጣት። ኤክሷን አየ፣ ሽርፏን አየ።

«ትናንት የመርፌ ጫፍ ያየ ካሜራ ይችን ዛሬ ለምን አላያትም?»

«እትዬ…»

«እትዬን ተዋትና መልስልኝ።»

ዳቦውን ጠቀለለው፣ ፈታው፣ እንደገና ጠቀለለው። «ባለፈው ሳምንት ሰው ከወጣ በኋላ አንቺ ያሳለፍሻቸውን ሦስት መቶ አስገብቼ ሞከርኩ። አርባ አንዱን ጣላቸው።»

«አርባ አንድ» አለች።

«አርባ አንድ። ካሜራው ምን ያህል ጥብቅ ይሁን የሚል ቁጥር አለው፤ ዘጠና ላይ ነበር። ዛሬ ጠዋት ዝቅ አደረግኩት። ፈርቼ ደግሞ ከሚገባው በላይ ዝቅ አደረግኩት።»

«ስለ ዓይኔ ማን ነገረህ?»

ሳቅ አመለጠው፤ ሊይዘው ሞክሮ አልቻለም። «እትዬ፣ ባለፈው ወር በሩ ጀርባ የተሰቀለውን ካፖርቴን "እንዴት ዋልክ" አልሽው። መልስ ስታጪ "ኩራት ነው?" ብለሽ አለፍሽ። እኔ እኮ አልጋው ላይ ተቀምጬ ነበር።»

ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ሁለቱም ፓሌቱ ላይ ሆነው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ የእሷ ሳቅ ቀድሞ ቆመ።

«እህቴም ታውቃለች?»

«ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት። ድሮ ማታ ማታ መርፌዋ ላይ ክር የምታስገቢላት አንቺ ነበርሽ። "ራስሽ አስገቢ፣ እጅ የለሽም?" ማለት ስትጀምሪ ገባት።»

ዳኛዋ ሴራሚኩን ከጭኑ አነሳች። ሽርፏን በጣቷ አሸች። «ስማኝ» አለች፤ ድምጿ አልጮኸም፣ ግን የሚያውቋት ሰዎች የሚፈሩት ያ ድምፅ ነበር። «እዚህ ወንበር ላይ አስራ ዘጠኝ ዓመት ስቀመጥ ስንቱ ነው የለመነኝ። ከዚህ በፊት የነበረው ሥራ አስኪያጅ ለወንድሙ ቤት ሁለተኛውን አንደኛ በይልኝ ብሎኝ እምቢ ብዬዋለሁ። ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ሰው አልላላሁም። አንተ ለእኔ ብለህ ማሽን ጉቦ ታበላለህ?»

«ጉቦ አይደለም እትዬ፣ ቁጥር ነው።»

«ጉቦም ቁጥር ነው።»

እሷ ቀጠለች፤ ዓይነ ስውር ካሜራ ነገ ሺህ ካርቶን ብላሽ ሴራሚክ ቢያሳልፍ፣ ገዢው ቢመልሰው፣ የሚጠየቀው ማን ነው? ካሜራው? ሚስት አለህ፣ የምትይዘው ሙያ አለህ፣ በእኔ ዓይን ያንተን እንጀራ ልድፋ? እሱ ደግሞ «ሥራሽን ታጫለሽ» አለ፤ ሁለት ጊዜ አለው፤ ሁለተኛው ላይ ድምፁ ቀጠነ። ያኔ ነው የገባት። ይህ ሰው ጠዋት ሲንቋት አልነበረም፤ ሲፈራላት ነበር።

«ሥራዬን ካጣሁ በገዛ ዓይኔ ልጣው» አለች። «መልሰው። ዘጠና ላይ መልሰውና ፈተናውን ድገመው። አሁን ዳቦህን ብላ፤ ራስህን ስተህ ቤልቱ ላይ ብትወድቅ ሙሽራው አንስቶ ውድቅ ውስጥ ይጨምርሃል።»

ሥራ አስኪያጁ ፈተናው ይደገም ሲባል ግራ ገባው። ያለፈ ፈተና ይደገምልኝ የሚል ሰው በሕይወቱ አላጋጠመውም። ሆኖም መጣ፤ ክራባቱን ወተፈ፤ ሠራተኛው ተሰበሰበ። ዳኛዋ ኤክስ ያለባትን በገዛ እጇ ወደ መደዳው መለሰቻት። መብራቱ በራ። ሰባተኛው ሴራሚክ ላይ ሙሽራው ድንገት አንገቱን አቀና፣ ዞረ፣ «ጵስ» ብሎ በመምጠጫዎቹ ያዘው፣ ወደ ውድቅ ሳጥን ወሰደው። ከሠራተኛው መካከል ማጉረምረም ተነሳ። አስራ አንደኛው ላይ ጵስ። አስራ ሁለተኛው ላይ ጵስ። ጉዴ ፈላ በእያንዳንዱ ላይ «ጉዴ ፈላ» ስትል ቆጣሪ አላስፈለገም። እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ሄደ። አርባ አራት፣ ከነኤክሷ።

«ውሸቱን ነው!» ብሎ ጮኸ አንዱ። «ጠዋት ያለፈው ከሰዓት እንዴት ይወድቃል? ማሽኑ አብዷል!» ሌሎችም ተቀባበሉት። ጉዴ ፈላ ከውድቁ ሳጥን አንድ መዝዛ ለሥራ አስኪያጁ ዘረጋች፦ «ይሄ ምን ሆነ ይባላል? የሙሽራ ጥርስ አይመስልም?» ሥራ አስኪያጁ ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ወሰደው፣ አቀረበው፣ አጋደለው። «እዚህ ጋ ቀዳዳ አለ» አለ። «ትንሽ ናት፣ ግን አለች።» ሌላ አነሳ። «የዚህ ጠርዝ ቀለሙን ለቋል።» ከዚያ በኋላ የጮኸ የለም። አንድ ሰው ቤልቱን አጠፋው፤ ፋብሪካው ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥታ ዳኛዋ ሰምታ አታውቅም። አርባ ሰው ጫማውን ያያል። ለእሷ ሲሉ ነው የሚያዩት፤ ያ ደግሞ ከጩኸቱ የባሰ ነበር።

«ካሜራው ልክ ነው» አለች። «ያላየሁት እኔ ነኝ። ዓይኔ ከደከመ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ደብቄ ነው የሠራሁት።»

«ጠዋትስ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ጠዋት ሁሉም አልፎ ነበር።»

ይህን መመለስ የእሷ ጉዳይ አልነበረም። ቴክኒሻኑ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ወጣ። የሚገርመው፣ አንገቱን መጥረግ ትቷል። «ጠዋት ቁጥሩን ያወረድኩት እኔ ነኝ» አለ። «የሚስቴ እህት ናት። የነገረችኝ ነገር የለም፤ በራሴ ነው ያደረግኩት። መልሰው ያለችኝ እሷ ናት።»

ሥራ አስኪያጁ የዳኛዋ ወንበር ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ ነው እንጂ ሌላ ትርጉም አልነበረውም። አገጩን አሸ። «አንድ ነገር አልገባኝም» አለ በመጨረሻ። «መነጽር ለምን አያደርጉም?»

«መነጽር ያደረገ ጥራት ተቆጣጣሪ ወደ ግቢ መጥረግ ይዛወራል።»

«ማነው ያለው?»

እሷ ወደ ጉዴ ፈላ ዞረች፣ ጉዴ ፈላ ወደ ጎኗ ዞረች፣ የጎኗ ሰው ወደ ኋላው ዞረ። ያለው ሰው አልተገኘም። ከድሮው ሥራ አስኪያጅ በፊት የነበረው ሥራ አስኪያጅ ሳይል አይቀርም ተባለ። ሥራ አስኪያጁ የራሱን መነጽር አውልቆ በክራባቱ ጫፍ ጠረገ። «እኔ ይሄ ባይኖረኝ ሚስቴን ከጎረቤት አልለያትም» አለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከመሳቅም አልፎ ተነፈሰ።

ግን ደግ ሰው ሊመስል ብሎ ነገሩን አላለሳለሰውም። ካሜራው ይቀመጣል፤ ይህ አይለወጥም አለ። ከወር በኋላ ያ ወንበር አያስፈልግም። ቴክኒሻኑ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍበታል፤ በፈተና ቀን ማሽን ያላላ ሰው እንዲሁ አይታለፍም። ስለ ዳኛዋ ሊቀጥል ሲል ጉዴ ፈላ ጣልቃ ገባች። «ይቅርታ ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልበል። የሷን ሦስት መቶ አንኳኩተው አይተዋል? ያንኳኩ። ከመካከላቸው አንድ ውስጡ የተሰነጠቀ ቢያገኙ እኔን ከሥራ ያባሩኝ። ያ ካሜራዎት ጆሮ አለው?» ሥራ አስኪያጁ ቴክኒሻኑን አየው። ቴክኒሻኑ ራሱን ነቀነቀ፤ ካሜራ ላዩን እንጂ ውስጡን አያይም። ሥራ አስኪያጁ የምር ወርዶ በጣቱ አንጓ ሃያ ያህል አንኳኳ፤ ሁሉም ጮሁ። እንግዲያው ለስድስት ወር ኮምፒውተሩ አጠገብ ትቀመጣለች ተባለ፤ ካሜራው ያጠራጠረውን ፎቶ እያየች ይህ ብላሽ፣ ይህ ደህና እያለች ታስተምረዋለች፣ ስንጥቁንም በጆሮዋ ትለያለች። «ከስድስት ወር በኋላስ?» አለች። «ያኔ እናያለን» አለ። «ደግሞ ለማየት መነጽር ያስፈልጋል፤ ዛሬውኑ ይግዙ።» ሰዓቱን አይቶ ወጣ።

መነጽር ቤቱ ከጫማ ማደሻና ከስልክ ጥገና መካከል የተሸጎጠ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በግድ የሚያስቆም ክፍል ነው። እህቷ ከልብስ መስፊያዋ እየሮጠች መጣች፤ ክር ገና ቀሚሷ ላይ ተጣብቋል። ከዳኛዋ ጋር የመጣው ባሏ አስቀድሞ በስልክ ሁሉንም ነግሯታል። በር ላይ ተገናኝተው ሰላም አልተባባሉም።

«አውቀሽ ዝም አልሽኝ» አለች ዳኛዋ።

«አሳድገሽኝ በምን አፌ "አታዪም" ልበልሽ?»

«አለማየት ነውር ነው?»

«አንቺስ ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?»

ጫማ ጠጋኙ መዶሻውን ሲያሳርፍ፣ ሲያነሳ፣ ሲያሳርፍ ይሰማል። ከዚያ እህቷ የዳኛዋን የጋዋን ቁልፍ አየች፤ ዝንፍ ብሎ የተቆለፈ ነው፣ ምናልባት ለወራት እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም። ፈታ አስተካክላ ቆለፈችላትና ገቡ።

የሱቁ ባለቤት፣ ባለመነጽሩ፣ ከባድ የብረት ክፈፍ አፍንጫዋ ላይ ጫነባት። ክፍሉ አጭር ስለሆነ የፊደሉ ሰሌዳ ከኋላዋ ግድግዳ ላይ ነው የተሰቀለው፤ እሷ ከፊቷ ባለው መስታወት ውስጥ ነው የምታየው። እህቷና ባሏ ከኋላዋ፣ ሰሌዳው ሥር ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። «ከላይ ያለውን ያንብቡ» አለ ባለመነጽሩ። እሱን አነበበች። «ሁለተኛውን?» ሁለተኛውን በመከራ። «ሦስተኛውን?» ሦስተኛው መስመር ዝናብ የመታው ግድግዳ ይመስላል። ያን ጊዜ ከኋላዋ፣ ትንፋሽ በምታክል ድምፅ፣ «መ… ቀ… ተ…» የሚል መጣ።

ዳኛዋ ከነብረቱ ክፈፍ ዞረች። «አንተ ሰው አትማርም?»

«ይቅርታ እትዬ፣ አፌ ነው።»

«ዛሬ ማንም አይርዳኝ!» ወደ ባለመነጽሩ ተመለሰች፣ ወገቧን አቀናች። «አይታየኝም» አለች ጮክ ብላ። «ሦስተኛው አይታየኝም፣ አራተኛውም አይታየኝም፣ ከዚያ በታች ጽሑፍ መኖሩንም ያመንኩት ስለነገሩኝ ነው። እንዲህ ብለው ይጻፉልኝ።» ቃሉን ስትለው ከአፏ ድንጋይ የወጣላት ያህል ቀለላት። ዓመት ከመንፈቅ ስትሸሸው የኖረችው ቃል ስድስት ፊደል ብቻ ነበር።

ባለመነጽሩ ጻፈ። ከሣጥኑ አንድ የመነጽር ብርጭቆ መዝዞ ክፈፉ ውስጥ ጨመረ፣ አወጣ፣ ሌላ ጨመረ፣ አዞረው። «አሁንስ?» አለ።

አልመለሰችም። «አሁንስ እማማ?» አላት ደግሞ። ባለመነጽሩ ብርጭቆውን ሊያወጣ እጁን ዘረጋ፤ እሷ እጁን በእጇ ያዘችው። መስታወቱ ውስጥ ከፊደሉ በታች ሁለት ሰዎች ቆመዋል። የእህቷ ባል ሊያንሾካሹክ አፉን ከፍቷል፣ እህቷ አፉን በመዳፏ ግጥም አድርጋ ዘግታዋለች፣ የመርፌ ጠባሳ ያለባት ጣቷ ጉንጩ ላይ ተጋድማለች። እህቷ ግንባሯ ላይ ሽበት አብቅላለች፤ መቼ አበቀለችው? እሱ ከስቷል፤ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። ሁለቱም ልጃቸውን ፈተና እንዳስገቡ ወላጆች ትንፋሻቸውን ይዘው ጀርባዋን ያያሉ፤ እንደምታያቸው አላወቁም።

«ታየኝ» አለች።

«ጥሩ። ሦስተኛው መስመር የመጀመሪያው ፊደል ምንድነው?»

«ቆይ» አለች፣ እጁን ሳትለቅ። «ፊደሉ ይደርሳል።»